ጅብ በጠፋበት ዓመት የሞተችው አህያ

ልጅ ሳለሁ መኖሩን ከሁሉ አብልጬ የማምነው ጅብን ነበር። ስለ መላእክት ቄሱ ነግረውኛል፤ ጣሊያንንም ከደብረ ታቦር ምሽጉ ጭሱ ሲወጣ በሩቁ አያለሁ፤ ጅብን ግን ማታ ማታ በገዛ ጆሮዬ እሰማዋለሁ። እራት ተበልቶ ምድጃው ውስጥ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ የአባቴ አክስት እማሆይ አስካለ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ እግራቸውን ወደ ሙቀቱ ዘርግተው፣ የኩራዙን ጭስ በእጃቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ «አያ ጅቦ አንድ ቀን…» ብለው ሲጀምሩ፣ ያኔ እውነተኛው አያ ጅቦ ከቤታችን በላይ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ሆኖ ይጮሃል። እኛ ልጆች ቁርበቱ ላይ አንዳችን ባንዳችን ላይ እንከመራለን። እማሆይም የጠራው ምስክር በሰዓቱ እንደቀረበለት ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ።

እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ዳዊት የሚደግሙ፣ ጾም የማያጎድሉ ሴት ነበሩ። ስለ ጅብ ሲያወሩ ግን ምንኩስናው ለጊዜው ይቀመጣል። ተነሥተው ሲያነክሱ፣ ሲያሽካኩ፣ ቆባቸው ወደ ቅንድባቸው ይወርዳል። እናቴ «ኧረ እማሆይ፣ ነውር ነው!» ስትላቸው «ምን ነውር አለው? እሱም የእግዜር ፍጥረት ነው» ብለው ወደ ማነከሳቸው ይመለሳሉ።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምወደው ፈጣሪ ለእንስሳት እንጀራ ያከፋፈለበትን ነበር። ለነብር ነፍስ ያለውን ሥጋ ሰጠው። ለቀበሮ የጉናን አይጥ፣ ለጥንብ አንሳ ቀኑንና ሰማዩን፣ ለውሻ የሰውን ደጅ። ጅብ እያነከሰ ሲደርስ ሁሉም ተከፋፍሎ አለቀ። «አጥንቱስ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሚፈልገው የለም አሉት። «ክርፋቱስ?» እሱንም። «ሌሊቱስ?» ሁሉም ይፈራዋል። «እንግዲያው ሦስቱንም ለኔ» አለና ከማንም ጋር ሳይጣላ፣ ማንም ባልፈለገው ነገር ባለጸጋ ሆኖ ይኖራል። እዚህ ላይ ሲደርሱ አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «የኔን አህዮችስ ማን ሰጠው?»

«እነሱን ራሱ ወሰደ። አንተስ ብትሆን፣ ተገኘ ልጄ፣ የተሰጠህን ብቻ ነው የምትበላው?» ይሉታል።

አባቴ ጅብን የሚጠላው ከልቡ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጣሊያን ከገባ ወዲህ ጅቡ በዝቶ ነበር። ምሽጉ ውስጥ ላለው ወታደር በየቀኑ ከብት ይታረዳል፤ አንጀቱና አጥንቱ ከምሽጉ በታች ካለው ሸለቆ ይጣላል፤ ያን ያህል ሲሳይ ሲያገኝ የአገሩ ጅብ ሁሉ ወረደ፣ ወለደ፣ ወፈረ። አባቴ «ከኛ ቀድሞ የገባለት ባንዳ ጅብ ነው» ይል ነበር። ሲሳዩ አልበቃ ያለው ጅብ ግን የምሽጉን በቅሎዎች መዘንጠል ጀመረ። ያኔ ወታደሮቹ መርዝ የተቀባ ሥጋ በየሸለቆው አስቀመጡለት። ጅቡ ሥጋውን በልቶ ወደቀ፤ ጥንብ አንሳው ጅቡን በልቶ ወደቀ። ባንድ ሰሞን ውስጥ ሌሊታችን ጭር አለ፣ ሰማያችንም ባዶ ሆነ።

አገሩ ደስ አለው። አባቴም ቢሆን፣ ጣሊያንን በክፉ እንጂ በደግ አንሥቶ የማያውቀው ሰው፣ «አንድ ደህና ሥራ ሠራ» አለ። እማሆይ ብቻ ተቆጡ።

«ጅብም እኮ ሥራ ነበረው። እንግዲህ ያንን ማን ሊሠራልህ ነው?»

«የምን ሥራ?» ብሎ አባቴ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ተረቱ ራሱ ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነብን። እማሆይ «አያ ጅቦ» ብለው ዝም ሲሉ ከውጭ የሚመልስ የለም። አንድ ማታ እኔ፣ አፌ የማያርፈው፣ «እማሆይ፣ እሱ እኮ ሞቷል» አልኳቸው። መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ፤ ለብዙ ቀንም ተረት የሚባል አልተነፈሱም።

ጥር ሲገባ የታላቅ እህቴ የየሺ ሠርግ ደረሰ። የሙሽራው አባት ግራዝማች አለሙ አንበሳሜ አጠገብ የሚኖሩ፣ ቁጡ፣ ለክብራቸው የሚሞቱ ሰው ናቸው ይባል ነበር። አባቴ ከእሳቸው ጋር በመዛመዱ ኩራቱ ከቤት አላስገባ ብሎት ነበር። ችግሩ በሬው ነው። ከብት ያለው ሁሉ ለምሽጉ እንዲያስረክብ ታዝዞ ስለነበር፣ የሠርጉን በሬ በግቢያችን ማረድ አልተቻለም። ከእናቴ ወንድም፣ ከአጎቴ ዘንድ፣ ከወንዙ ቆላ፣ በስውር ታረደ፤ ቆዳና ጭንቅላቱ እዚያው ገደል ተጣለ፤ ሥጋው በቅርጫት ተሸፍኖ ጎመን ነው እየተባለ ገባ። በሬውን በዓይኑ ያየ ጎረቤት አልነበረም። ያኔ ይህ ትልቅ ብልሃት መስሎን ነበር።

ለጠላው የሚሆነውን ውሃ፣ እንጨትና ጌሾ ስታመላልስ የሰነበተችው አሮጊት አህያችን በሠርጉ ሳምንት ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ሞተች። ማንም አልተደናገጠም። ወንዶቹ በገመድ ጎትተው፣ እንደ አባት አያታቸው ወግ፣ ኮሶው ሥር ጣሏትና እጃቸውን ታጥበው ተመለሱ። በኛ አገር የሞተ ከብት ኮሶው ሥር ይጣላል፤ ሲነጋ እዚያ ቦታ የሚገኘው ጤዛ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሲነጋ አህያዋ አለች። በማግስቱም አለች፤ እንዲያውም ጨመረች፤ ሆዷ ተነፍቶ እግሮቿ ወደ ሰማይ ቆመዋል። የጥር ፀሐይ ይጠብሳታል፤ ከጉና የሚወርደው ነፋስ ኮሶውን አልፎ በቀጥታ የሚመጣው አዲስ ወደተጣለው ዳስ ነው። አባቴ ዳሱ መካከል ቆሞ አሸተተና ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሌላ ቦታ ሊጎትቷት ገመድ ሲያስሩባት እግሯ ሊነቀል ይደርሳል። «ትቀበር» አሉ እማሆይ። ወንዶቹ ደግሞ አሻፈረን አሉ። በሠርግ ሳምንት ከሙሽራ ቤት አጠገብ መቃብር ሲቆፈር ማን አይቶ ያውቃል? ሟርት አይደለም ወይ? «ደግሞስ ለአህያ ጉድጓድ ከቆፈርን ነገ ፍትሐት ይደረግላት ልትሉን ነው» አለ አንዱ። እማሆይ ያሏቸው ቃል ከመነኩሲት አፍ የማይጠበቅ ስለሆነ አልጽፈውም።

በመጨረሻ እናቴ በዳሱ ዙሪያ የወይራ ፍልጥ ታጨስ ጀመር። የሠርጉ ቀን ጭሱ ከመብዛቱ የተነሣ ሙሽራውና ሚዜዎቹ እያለቀሱ ገቡ። ግራዝማች አለሙ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ጭሱ ለምንድን ነው?» ሲሉ እናቴ «ለበረከት ነው ጌታዬ» አለች። ወጡ ቀረበ። ሽታውን ጭሱ ሸፈነው። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተነፍስ አየሁት።

ያኔ ነው ውሻችን ጎበዜ የገባው። ለካ ሰሞኑን የመንደሩ ውሾች የጅብን ወንበር ባዶ አግኝተው ሊቀመጡበት ሲታገሉ ነበር። ሌሊቱን ይፈራሉ፣ አጥንት መስበር አይችሉም፣ ቆዳዋም አልቀደድ ብሏቸዋል፤ የቻሉት አንድ እግር መንጨት ብቻ ነው። ጅብ ያገኘውን ከሰው አርቆ ወስዶ ይበላል። ውሻ ግን ያገኘውን ለሰው ያመጣል። ጎበዜ ጭራውን እየቆላ በሰው መካከል አለፈና ሰኮና ያለበትን የአህያ እግር ከግራዝማች አለሙ ፊት አስቀመጠ።

አጠገቤ የነበረች ሴት ጉርሻዋ ከአፏ ደጃፍ ቀረ። ግራዝማች ሰኮናውን አዩ፤ ወጡን አዩ፤ አባቴን አዩ።

«አቶ ተገኘ፣ በሬህ የት ታረደ?»

«ቆላ… ከአማቼ ዘንድ» አለ አባቴ።

«ማን አየው?»

አባቴ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። በአገራችን ለሠርገኛ የአህያ ሥጋ አበላ የተባለ ሰው ልጁ ብቻ ሳትሆን የልጅ ልጁም ባል አታገኝም። የሺ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስትጎትት አየኋት። ሚዜዎቹ መነሣት ጀምረው ነበር።

እማሆይ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። «ግራዝማች፣ አህያዋን በልታችሁ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ?»

«እፈልጋለሁ እንጂ እማሆይ!»

«እንግዲያው ከሷ ከራሷ ይጠይቁ። ኮሶው ሥር አለች። ይከተሉኝ።»

ግራዝማች፣ ቄሱና ሁለት ሽማግሎች በሠርግ ኩታቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ከእማሆይ ኋላ ዳገቱን ወጡ። እኔም ቀሚሴን አፌ ውስጥ ከትቼ ተከተልኩ። ግራዝማች አህያዋን እንደሚገዛ ሰው ዞሯት። አንገቷን አዩ፣ ጎኗን አዩ፣ በከዘራቸው ጭኗን ጫን አድርገው ወዲያው ወደ ኋላ ዘለሉ። «ካህን ምስክር ይሁን፤ ቆዳዋ አልተገፈፈም» አሉ። ቄሱም ኩታቸውን ከአፍንጫቸው ሳያነሡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳምንት ሙሉ ልንደብቃት የታገልናት አህያ፣ ከነክርፋቷ፣ ከነሆዷ፣ ለኛ ቆማ መሰከረች።

ግራዝማች ዳሱ ደጃፍ ላይ ቆመው በጦር ሜዳ ድምፃቸው ተናገሩ። «ጎበዝ! አህያዋ ሙሉ ናት! ብሉ!»

እንደዚያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። ለሙሽራይቱ እንኳ እንዲያ አልተባለላትም። ግራዝማች እጃቸውን ሦስቴ ታጥበው ተቀመጡና ወደ አባቴ ጠጋ ብለው «የኛም ግቢ ሁለት በቅሎ እንዲሁ እንደተጋደመ ነው። የኛን ድግስ ወንዝ ማዶ እንዲሆን ያደረግነው ለምን ይመስልሃል?» አሉት። ከዚያ እያንዳንዱ እንግዳ ከደጁ የተጋደመለትን ከብት መናገር ጀመረ። ሠርጉ በሳቅ አለቀ። እማሆይ ብቻ አልሳቁም፤ ጠላቸውን ይዘው «ነግሬ ነበር» ለማለት ተራ ይጠብቁ ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ መርዙም አብሮት ወጣ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ከጉና ወገን አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጩኸት ሰማን። እናቴ የበሩን መወርወሪያ ወረወረች፤ እማሆይ አማተቡ፤ እኛ ልጆች ቁርበቱ ላይ ተከመርን። ሲነጋ ግራዝማች አለሙ ለአባቴ በስጦታ የላኩለት ጎረምሳ አህያ በጋጣው አልነበረም። አባቴ ገመዱን ይዞ እየተራገመ እስከ ኮሶው ወጣ፤ ጅብን ከነዘሩ፣ ከነእናቱ ረገመው። ኮሶው ሥር ግን ቁራጭ ቆዳ፣ ሰኮናም እንኳ የለም። ሣሩ ላይ ጤዛ ብቻ ነበር። አባቴ ቦታውን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ነፋሱን አሸተተ።

«ሥራውን ግን ያውቃል» አለ በመጨረሻ፣ ባልወደደው አፉ።

ዛሬ እኔ አሮጊት ሆኜ ለልጅ ልጆቼ ያንን የክፍፍል ተረት ስነግራቸው፣ ከተማ ያደጉ ናቸውና ለጅብ የደረሰው ዕጣ ያሳዝናቸዋል። እኔ አላዝንለትም፤ አህዮቻችንን በልቷል። ግን ሰው ተቆጥቶ «ይህ ፍጥረት ከምድረ ገጽ በጠፋ!» ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ ከአእምሮዬ ቀድሞ አፍንጫዬ ያስታውሳል።