ለጋሪም የማይጠመድ ፈረስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለፓስተሬ አልነገርኩም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲያዩኝ «ፕሮፌሰር መጣ!» ለሚሉኝ ጓደኞቼም አልነገርኩም። በእኛ ቸርች ለሰው መናዘዝ የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው። ለእሱማ ነግሬዋለሁ፣ ያውም ስንት ጊዜ። ግን እሱ ድሮም ያውቀው የለ? ለሚያውቅ መንገር ምን ይከብዳል? የሚከብደው ለማያውቅ መንገር ነው። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። እንድታጽናኑኝ ግን አይደለም።

ዳንኤል እባላለሁ። ላስ ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ አንድ ተሳፋሪ ለማግኘት አንዳንዴ ሁለት ሰዓት እንጠብቃለን። ሌላው ይተኛል፣ ሌላው በስልክ ከዘመዶቹ ጋር ይጨቃጨቃል፤ እኔ የፈረስ ውድድር አነባለሁ። የትኛው ፈረስ በየትኛው ርቀት ጎበዝ እንደሆነ፣ ባለፈው ማንን እንደቀደመ፣ ጭቃ ይወድ እንደሆነ ወይ ደረቅ መሬት፣ ጋላቢው ማን እንደሆነ፣ ከስንተኛው በር እንደሚነሳ ቼክ አደርጋለሁ። ሁሉንም መዝኜ ስጨርስ ዓርብ ዓርብ ቴሌግራም ላይ በድምፄ እለቀዋለሁ። ስልሳ ምናምን ሐበሻ ይሰማኛል፤ ሾፌር አለ፣ የእንግዳ መኪና የሚያቆም ቫሌት አለ፣ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ አለች። የፈረሶቹ የእንግሊዝኛ ስም ለአፋችን ስለማይመች በመልካቸው ነው የምጠራቸው። ዳማው፣ ቦራው፣ አምባላዩ እላለሁ። ምላሴ ደግሞ እንደምታዩት አያርፍም። ገና ያልተሮጠውን ውድድር እንደተሮጠ አድርጌ ሳወራው ሰው ኪሱን መዳበስ ይጀምራል።

የደበቅኩት አንድ ነገር ነበር። እኔ በሕይወቴ ፈረስ ነክቼ አላውቅም። ያደግኩት አውቶቡስ ተራ ነው። የማውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ እንስሳውን አላውቀውም።

እንስሳውን የሚያውቁት ጋሽ ወርቁ ነበሩ። እሳቸውም ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ቸርችም አብረን ነን። በወጣትነታቸው አዳማ ላይ ባለ ጋሪ ነበሩ። ፈረስ ሲራመድ አይተው የት ጋ እንደሚያመው ይነግሩሃል። ግን ጋሽ ወርቁ ፈረስ አያዩም ነበር። ምክንያቱን ቸርቹ በሙሉ ያውቃል፤ እዚህ አገር በገቡ ሰሞን ቁማር ይዟቸው፣ ትዳራቸው ሊፈርስ ሲል ነው የተዉት። መድረክ ላይ ቆመው መስክረዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት የውርርድ ትኬት አልቆረጡም። ተሳፋሪ ለማውረድ ካልሆነ ካዚኖ በር ላይ እንኳ አይቆሙም ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ሆቴል ክፍል በማጽዳት ጉልበታቸው አልቋል፤ የሚኖሩት ዊንቸስተር ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሁለቱም ኦቨርታይም እየሠሩ ያጠራቅሙ የነበረው ሴንቴኒያል ሂልስ ላይ ደረጃ የሌለው ቤት ለመግዛት ነበር። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ስልኬን ይዤ ወደ መኪናቸው የሄድኩት።

ለምን ሄድኩ? ብር ፈልጌ አይደለም። የሚሰማኝ ሰው ስልሳ ነው፤ የሚገባው ግን አንድም አልነበረም። ያን ሁሉ ስተነትን የሚገባው ሰው እንዲያደንቀኝ ፈለግኩ። ደግሞ ዓይናቸው ያስፈልገኝ ነበር። መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ «ተው ዳኒ፣ ተው ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «ማየት መቋመር አይደለም እኮ ጋሽዬ፤ አረማመዱን ብቻ ይዩልኝ።» አረቄ የተወን ሰው እስቲ አሽትልኝ እንደማለት ነው። ያኔ ግን ብልህ ንግግር መስሎኝ ነበር።

አዩልኝ። አንዱን ፈረስ «ይሄ ፈርቷል፣ ጆሮውን እየው» አሉኝ፤ ሌላውን «ይሄኛው ዛሬ ልቡ ሞልቷል» አሉኝ። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ቀጠልን። ግምቴ መያዝ ጀመረ። ሰዎች «አንተ፣ ዓይን አለህ!» አሉኝ። የማን ዓይን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ጋሽ ወርቁም አልጠየቁኝም፤ ስልኩን ስዘረጋላቸው ፊታቸው ላይ ብርሃን ይመጣ ነበር፤ ያንን ብርሃን አይቼ ደስ አለኝ እንጂ አልፈራሁም። መፍራት ነበረብኝ።

ከዚያ ያ ግንቦት መጣ። ከዓመቱ ትልልቅ ውድድሮች አንዱ ነበር። ዓርብ ዕለት ግምቴን ለቀቅኩ፤ ያን ያህል አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም። ቦራው ጥሩ ነው ግን ርቀቱ ይረዝምበታል፣ አምባላዩ ጋላቢ ቀይሯል፣ ዳማው ግን፣ አልኩ፣ ዳማውን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ያዙ። ቅዳሜ ጠዋት ዳማው ልምምድ ሲያደርግ የተቀረጸውን ቪዲዮ ለጋሽ ወርቁ አሳየኋቸው፤ እንዲያመሰግኑኝ ነበር። አንዴ አዩት። መልሰው አዩት። መነጽራቸውን ጠርገው ሦስተኛ አዩት።

«የግራ የኋላ እግሩን አላመነውም» አሉ። «አየኸው? ክብደቱን አይጥልበትም። ይሄንን እኔ ለጋሪም አልጠምደውም። ቦራው ግን ጤነኛ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴ፤ እባካችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። ስልኬን አንስቼ «ወገን፣ ተሳስቻለሁ፣ ዳማውን ተዉት» ማለት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ፕሮፌሰር እንዴት ተሳስቻለሁ ይላል? ጋሽ ወርቁ ደግሞ ይህንን ወርደው ለሾፌሮቹ ቢያወሩት የኔ ነገር አለቀ። ስለዚህ ዋሸሁ። ሳላቅማማ ዋሸሁ። ጋጣው ውስጥ የሚሠራ ሐበሻ አውቃለሁ አልኳቸው፤ ፈረሱን የሚያጥበው እሱ ነው፣ ትናንት ደውዬለት ነበር፣ ፈረሱ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ አረማመዱ እንዲያ ነው፣ ሐኪምም አይቶታል፣ ምንም የለበትም አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ቀና አሉ። ሐበሻ የሚለውን ሲሰሙ ነው ቀና ያሉት። ፈረንጅ ብል ኖሮ በዓይናቸው ይጸኑ ነበር፤ ይህንን አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር።

«የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

ማንም ሐበሻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔም መልሱን አላጣሁም። ሙሉጌታ ይባላል አልኩ። የአዳማ ሰው ነው አልኩ። ይህም አልበቃኝም፤ አባቱ ባለ ጋሪ ነበሩ አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ወጣ። ጋሽ ወርቁ የባለ ጋሪ ልጅስ አይሳሳትም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። ቁማር የተወ ሰው «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን እየጠየቀ እንደሆነ አይገባኝም ነበር ልበል? ገብቶኛል። «እርግጠኛ ነኝ ጋሽዬ» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ታክሲያቸው ከሰልፉ ወጣች። ተራቸው ሊደርስ አራት መኪና ነበር የቀረው፤ ጥለውት ወጡ። መስኮት ከፍቼ ልጠራቸው እችል ነበር። አልጠራኋቸውም።

የሄዱት የቸርች ሰው እንዳያያቸው ከተማው ዳር ያለው አሊያንቴ ካዚኖ ድረስ ነው። የቤቱን ብር ዳማው ላይ አስያዙት። ዳማው ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኖ ገባ፤ በግራ የኋላ እግሩ እያነከሰ ገባ።

የሽማግሌዎች ተረት አለ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል። የኔ ግን ወለምታ አልነበረም። አውቄ ነው የረገጥኩት። እንዴት አውቀህ ትሉኝ ይሆናል። ይኸውላችሁ፣ ከሁሉ የከፋውን እስካሁን አቆይቼዋለሁ። የጋሽ ወርቁ ታክሲ ከወጣች በኋላ እኔም ሄጄ ትኬት ቆረጥኩ። በቦራው። የዓርቡን ግምቴን ትቼ፣ ስልሳ ሰው ያስያዝኩትን ዳማ ትቼ፣ የጋሽ ወርቁን ዓይን አምኜ በቦራው ቆረጥኩ። እሳቸው አፌን አመኑ፤ እኔ ዓይናቸውን አመንኩ። ቦራው አንደኛ ወጣ። በዚያ ብር ለመኪናዬ አራት አዲስ ጎማ ገዛሁ።

ጋሽ ወርቁ ማንም ሳያጋልጣቸው ራሳቸው ቸርች ውስጥ ተነሡ። እትዬ አስቴር ከፊት ወንበር አቀርቅረው ነበር። ጋሽ ወርቁ የኔን ስም አልጠሩም። ሙሉጌታንም አልጠሩም። «ሰው አላሳሳተኝም» አሉ። «ዓይኔ እያየ ነው ያደረግኩት። እውነቱን አይቼው ነበር፤ ልቤ ስለተመኘ ውሸቱን መረጥኩ።» ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አጠገቤ ያለው ወንድም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ይታያችሁ፣ እኔ ተጽናናሁ!

ለስድስት ወር ከጌታ እራት ታገዱ። ስድስቱ ወር አልቆ ፓስተሩ በደስታ ቢመልሷቸውም ጽዋው ሲደርስ እጃቸውን አልዘረጉም። በሚቀጥለውም አልዘረጉም። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ጽዋው ሲያልፋቸው አያለሁ፤ ከዚያ እኔ ጋ ይደርሳል፤ እኔ እጠጣለሁ። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ ለምን አልኳቸው። ሳያውቅ የሳተ ሰው ይመለሳል፣ ዓይኑ እያየ የገባ ግን በምን አፉ ይመለሳል አሉኝ። ሰባቱን ዓመትም ለካ እግዚአብሔርን ሳታልለው ነበር አሉኝ። የሚያድናቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ጋሽዬ፣ እኔ ነኝ ያታለልኩዎት።» አራት ቃል። ዓርብ ዓርብ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚለፈልፍ ምላስ አራት ቃል አቃተው። «እግዚአብሔር መሐሪ ነው» ብያቸው መኪናዬን አስነሣሁ።

ባለፈው ክረምት ታመሙ፤ ኩላሊታቸው ነው። ሺፍቴን ስጨርስ ሆስፒታል እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። እትዬ አስቴር «እንዳንተ ያለ ልጅ ይብዛልን» እያሉ ይመርቁኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ውኃ ሊያመጡ ሲወጡ ጋሽ ወርቁ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀሎ ነበር። ደረሰ፣ አልኩ በልቤ፤ አውቀዋል፣ አሁን ይጠይቁኛል፣ እኔም እናገራለሁ፣ ተገላገልኩ።

«ዳኒ» አሉኝ፣ «ያ ሙሉጌታ ደህና ነው?»

ደህና ነው አልኩ።

«ሕሊናው እንዳይወቅሰው። የመሰለውን ነው የተናገረው። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ በለው። አደራ፣ ሳትነግረው እንዳትቀር።»

ይቅርታው እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። በእጄ ላይ ነበር። ለእኔ ነበር የወጣው፣ አድራሻው ብቻ ነው የተሳሳተው፤ አድራሻውን ያሳሳትኩት ደግሞ እኔው ነኝ። «ጋሽዬ፣ ሙሉጌታ የሚባል ሰው የለም» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ፣ እነግረዋለሁ» የሚል ነው። ሁለተኛ ዋሸኋቸው። በአራተኛው ቀን አረፉ። እስከ መጨረሻው ጽዋ አልቀመሱም።

አሁን እሁድ እሁድ እትዬ አስቴርን ከቸርች ወደ ቤት አደርሳቸዋለሁ። ያንኑ የዊንቸስተር ደረጃ በየሁለት እርከኑ እያረፉ ይወጣሉ፤ እኔ ሩዙንና ዘይቱን ተሸክሜ ከኋላ እቆማለሁ። ባለፈው እሁድ መሐል ላይ ቆመው፣ የብረቱን መደገፊያ ይዘው ዞሩ። ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት ስለ ሙሉጌታ ነግረዋቸው ኖሯል። አገሩን ጥሎ ከፈረስ ጋር የሚኖር ብቸኛ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ወርቁ ይቅር ብሎታል፣ እኔም በእጄ ላብላው፣ በሚመጣው እሁድ ይዘኸው ና አሉኝ። ዶሮ እሠራለሁ አሉ። እሺ አልኳቸው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር የሚሉኝ ሰው ይቅር ብለው ጨርሰዋል፤ ለሌለ ሰው ሰጥተውታል። እሁድ ነገ ነው። እትዬ አስቴር ዶሮውን ለመግዛት ዛሬ ጠዋት ያንን ደረጃ ወርደው፣ ተመልሰው ወጥተውታል።