የማን ክንድ ነው?

ሪያድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2019 መሆኑ ነው፣ መንፉሐ የሚባል ሰፈር ውስጥ ለአምስት በተከራየናት ክፍል ከእኔ አጠገብ የሚተኙት አንድ የወሎ ግንበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ስለዘለለ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ጀምሬ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩ ነኝ። ትምህርቱ ቢቀርም ጉራው አልቀረም።

አንድ ጁምዓ፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ጋሼ "ከሁሉ ትንሹ ነገር ምን ያህላል?" አሉኝ። የአቶም እምብርት የሚለካበትን ፌምቶሜትር ነገርኳቸው። አንድ ሜትር ለሺህ ይከፈላል፣ የተገኘው ደግሞ እንደገና ለሺህ፣ እንዲያ እየተባለ አምስት ጊዜ።

"ሜትሩን ተወውና በክንድ ንገረኝ" አሉ።

ክንዳቸውን ከክርናቸው እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ ለካሁት። አርባ ስድስት ሴንቲ ሆነ። "የእርስዎ አንድ ክንድ አራት መቶ ስልሳ ትሪሊዮን ፌምቶሜትር ነው" ስላቸው እጃቸውን አገላብጠው አዩና "ወላሂ! ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ብሎኬት የማነሳው?" ብለው ሳቁ።

በሳምንቱ ዑረይጃ ሰፈር ለአንድ ሽማግሌ ሳዑዲ የግቢ አጥር ልንሠራ ገባን። ሰውየው ከድሮ ቤታቸው ያስነቀሉትን የብረት በር አዲሱ አጥር ላይ ሊያስገጥሙት ፈልገው ስፋቱን በክንዳቸው ለክተውት ነበር። "ሲታ ዚራዕ" አሉን፣ ስድስት ክንድ።

"የማን ክንድ ነው? ጠይቃቸው እስቲ" አሉኝ ጋሼ። ድሮ በክንድ የሠራ ግንበኛ ከቁጥሩ በፊት የሚጠይቀው ይህንን ነው።

"ክንድ ክንድ ነው ጋሼ፣ ኸላስ፣ አለቀ" አልኩና የጋሼን ክንድ፣ አርባ ስድስት ሴንቲውን፣ በስድስት አብዝቼ ሁለት ሜትር ከሰባ ስድስት ላይ ምልክት አደረግሁ። እሳቸውም አመኑኝ። በምልክቴ ላይ ሁለት የኮንክሪት ምሰሶ አቆሙ።

በሩ በመኪና መጥቶ ሲወርድ ሦስት ሜትር ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ረጅም ሰው ነበሩ፣ ክንዳቸው ሃምሳ ሴንቲ። አሥራ አምስት ዜሮ ሳልሳሳት የምቆጥር ሰው ከስንዝር በላይ አጉድዬ ቁጭ አልኩ።

ሙቃዊሉ፣ ሥራውን በኮንትራት የያዘው ሰውዬ፣ በሩን በእግሩ መታው። ከዚያ ከተረፈው ፌሮ አንዱን አነሳና ምሰሶውን እየተሳደበ ይደበድበው ጀመር። ምሰሶው አልበቃውም። ወደ እኛ ዞሮ "ማነው የለካው?" ብሎ ጮኸ።

ልናገር ስል ጋሼ ቀደሙኝ ብዬ አልዋሽም። ፈራሁ።

"አና" አሉ ጋሼ። እኔ ነኝ ማለታቸው ነው።

ብረቱ ሲመጣባቸው ፊታቸውን በቀኝ ክንዳቸው ሸፈኑ። አጥንቱ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ቋ ሲል ሰማሁት። ወደቁ። ከወደቁም በኋላ ጀርባቸው ላይ ሁለት ጊዜ ደገማቸው። ባለቤቱ "በስ! በስ!" እያሉ፣ በቃ ማለታቸው ነው፣ መሐል ባይገቡ ይገድላቸው ነበር።

ጋሼ ኢቃማ የላቸውም። ያለ መኖሪያ ፈቃድ ሆስፒታል መሄድ እጅን ለፖሊስ እንደ መስጠት ስለሆነ መንፉሐ ወዳለ አንድ ወጌሻ ላክንና ክፍላችን መጣ። አጥንቱን ጎትቶ ሲያገጥም አራታችን ይዘናቸው ነበር። የነከሱት ፎጣ በደም ራሰ። "ከእንግዲህ በዚህ እጅ ብሎኬት አይነሳም" አለ ወጌሻው፣ ወደ በሩ ወስዶን።

እሱ እንደወጣ ከክፍላችን ልጆች አንዱ "ሜትር የማያውቅ ሽማግሌ ምን ለካ ለካ አሰኘው?" አለ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። በቡጢ አፉን አልኩት። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ወጥቼ ፊቱን ቀጠቀጥኩት። ጥርሱ ጣቴን ቀደደው፣ አላቆምኩም። ልጁ የተናገረው እኔ ዝም ብዬ እውነት ያስመሰልኩትን ውሸት ነው። ለዚያ ነው ልገድለው የደረስኩት። ሁለቱ ጎትተው አላቀቁንና ልጁን ፊቱን ሊያጥቡት ይዘውት ወጡ።

ሁለታችን ስንቀር "ጋሼ፣ የለካሁት እኔ አይደለሁ? ለምን እኔ ነኝ አሉ?" አልኳቸው። እንባዬ ቀደመኝ።

የታሰረውን ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሽበት ያለውን ሰው አይመታም ብዬ ነዋ፣ ወንድሜ" አሉኝ።