ሰይድ ሊያርሰው የነበረው የአበባ ሜዳ

በጥቅምት አጋማሽ ከመካነ ሰላም ስነሣ የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር፤ ተራራው አናት ላይ ያለውን የጓሳ ሣር ሜዳ አይቼ «ይታረሳል» ወይም «አይታረስም» ብሎ መጻፍ። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ገና ዓመት አልሞላም። ድርቁ ያፈናቀላቸው ሰዎች እየተመለሱ የገበሬ ማኅበሩን ደጅ ይጠናሉ። መጻፍ ስለምችል ብቻ እኔን፣ የሂሳብ አስተማሪውን፣ የመሬት አዋቂ አደረጉኝ። ጉድ እኮ ነው፤ ስንዴና ገብስ እንኳ የምለየው በስንት መከራ!

አብሮኝ የሄደው ሰይድ የከላላ ሰው ነው። በድርቁ እናቱንና ሁለት በሬዎቹን አጥቷል፤ ጓሳው ከታረሰ የመጀመሪያው ድርሻ ለእሱ ነው ተብሏል። «መምህር፣ ገብስ ነው የምዘራበት» አለኝ ገና ከከተማ ሳንወጣ። እኔ በቀን ሁለት ብር የተከራየሁት በቅሎ ላይ ነኝ፤ እሱ በእግሩ ቀድሞኝ ይሮጣል።

ቀትር ላይ የአስታው ቁጥቋጦ አለቀና ሜዳው ተከፈተ። በጓሳው መካከል ሐምራዊ የማገጥ አበባ ተነጥፏል፤ ሲነኩት እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነጭ አበባ አለ፤ ቢጫው ማለቂያ የለውም፤ ከሁሉም በላይ ጅብራ የሚሉት የደጋ ተክል ከሰው ቁመት አልፎ ቆሟል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያየሁት ቀለም አቧራ ብቻ ነበር። «ያንተ ያለህ!» አልኩና ወርጄ ጫማዬን አወለቅሁ። ለምን እንዳወለቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰይድ ግን ጎንበስ ብሎ አፈሩን ዘገነ። «ወላሂ ቅቤ ነው!» አለ።

የጓሳው ጠባቂ አያ ባዩ ብትራቸውን ይዘው መጡ። ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ እንደሚቆይ፣ ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው እንደሚከፍቱት፣ የሚያጭዱትም አገሩን መጀመሪያ ያቀናው አባት ዘሮች ብቻ እንደሆኑ ነገሩን።

«በድርቁስ ጊዜ?» አልኳቸው።

«ከፈትነዋ! የተረፈው ከብት በዚህ ሣር ነው የተረፈው።»

«የማን ከብት?» አለ ሰይድ። «የዘሮቹ ነዋ» አሉ አያ ባዩ። ያም ሆኖ ቤታቸው አሳደሩን፤ የገብስ ቂጣ በተልባ አበሉን።

ንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። አበባው ሁሉ ተጨማድዷል፤ በቃ፣ ሞተ አልኩ። ፀሐይ ስትነካው ግን አንድ በአንድ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ተከፈተ። ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አያ ባዩ ሰይድን ወደ አንዲት ቁራጭ ማሳ ወሰዱት። «እኔም ርቦኝ ነበር፤ ዘንድሮ ሞክሬዋለሁ» አሉት። ገብሱን ውርጭ መትቶታል። ሰይድ ዛላ በዛላ እያሸ ፈለገ፤ አንድ ፍሬ የለም። «ያ ረቢ! ለአበባው የሆነ ለልጆቼ አይሆንም?» ብሎ ቁጭ አለ።

«አብሽር ልጄ» አሉት አያ ባዩ።

መካነ ሰላም

በማግስቱ ለማኅበሩ ስብሰባ «አይታረስም» የሚለውን ወረቀቴን ሳነብ ሰው ተንጫጫ። «መምህሩ አበባ አይቶ ልቡ ጠፋ!» አለ አንዱ። «የባላባት ጠበቃ!» አለ ሌላው። በዚያ ጊዜ ይህ ቃል ያሳስር ነበር።

ሰይድ ተነሣ። «ላርሰው የነበርኩት እኔ ነኝ። ገብሱን በእጄ አሽቼ አይቻለሁ፤ አይታረስም። ሣሩ ሲከፈት ግን እኔም ማጭዴን ይዤ እገባለሁ። ዘርህን ቁጠር የሚለኝ ካለ አሁን ይናገር።»

የተንጫጫው ሰው ተራ በተራ ቁጭ አለ። ተራራው ላይ በውበቱ ስደነግጥ ውዬ፣ ሣሩን የሚያጭደው ማን እንደሆነ ለመጻፍ አለማሰቤ ያን ጊዜ አሳፈረኝ። ወረቀቱን አዙሬ «አጫጆች» የሚል ርእስ አወጣሁና የመጀመሪያውን ስም ጻፍኩ፤ ሰይድ።