እግሯ ሲቆም የሚቆም የስፌት መኪና

እህቴ ለንሳ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን አታቋርጥም፤ ቢሆንም በዓመት አንድ ሁለቴ ይጥላታል። አምቦ ዳቦ ቤት ስትሠራ ምድጃው አጠገብ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ። እኔም ታላቅ ነኝ ብዬ «ከእንግዲህ ቤት ትቀመጫለሽ» አልኳት።

«እሳት የሌለበት ሥራ እፈልጋለሁ እንጂ አልቀመጥም» አለችኝና ጉደር ሄዳ ልብስ ስፌት ተማረች።

እዚያው ሱቅ ስትከፍት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና ገዝቼ ወሰድኩላት። አየችውና «ሲጥለኝ እግሬ መርገጫው ላይ ቢደርቅ አይቆምም፤ እጄን ጭምር ይሰፋዋል። እኔ የምፈልገው እግሬ ሲቆም አብሮኝ የሚቆመውን ነው» ብላ በእግር በሚሽከረከር አሮጌ መኪና ለወጠችው። የካውያውን ሥራም ለጎረቤቷ ሰጠች። ጅል መሰለችኝ፤ ጅሉስ እኔ ነበርኩ!

ባለፈው መስከረም ደንበኛዋ ኦቦ ዳዲ የልጃቸውን ዩኒፎርም ሊወስዱ እንደመጡ፣ እየሰፋች ሳለ ወደቀች። መኪናውም ወዲያው ቆመ። ኦቦ ዳዲ እንደ አገሩ ልማድ ጭሱን ሊያሸቷት ክብሪት አወጡ። ግድግዳው ላይ ግን በአማርኛም በኦሮምኛም የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ «ብወድቅ ክብሪት አትለኩሱ። በጎኔ አስተኙኝና ጠብቁኝ። ልብሳችሁ በቀጠሮው ይደርሳል።» አንብበው ክብሪቱን መለሱና በጎኗ አስተኟት።

ተደውሎልኝ ከአምቦ ስደርስ አርፋ ተነስታ ከመኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። «በይ ተነሺ፣ ቤት እንሂድ» አልኳት።

ኦቦ ዳዲ ተቆጡኝ፦ «ወዴት ነው የምትወስዳት? የልጄ ዩኒፎርም እኮ ቁልፍ ይቀረዋል!»