ክረምት ላይ የተከፈተ የታክሲ መስኮት

ነገሩ ያጋጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። ዛሬም ታክሲ ላይ «መስኮቱን ዝጉት!» የሚል ድምፅ ስሰማ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ አንድ ነገር መጥቶብኝ ነበር። ደህና ተቀምጬ ሳለሁ ከደረቴ የሚነሳ ሙቀት ፊቴን ያጋየዋል፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ልቤ ይመታል። የልብ በሽታ ነው ብዬ ስለፈራሁ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም። የሚብስብኝ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ እየወረድኩ ስለማረፍድ አለቃዬ «ከእንግዲህ አንዴ ካረፈድሽ ማስጠንቀቂያ እጽፍልሻለሁ» ብሎኛል።

ያን ቀን ጠዋት ዝናብ ያካፋ ነበር። ከልደታ ታክሲ ተጋፍቼ ገባሁና መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳንርቅ ያ እሳት መጣ። መስኮቱን ከፈትኩት።

«ኧረ እህት ዝጊው! በንፋስ ልታስመቺን ነው እንዴ?» አለ ከኋላዬ ያለ ሰው። ሌሎቹም ተቀበሉት። ዘጋሁት። ትንፋሽ አጠረኝ። ካረፈድኩም ላርፍድ፣ እዚህ ከምሞት ብዬ «ወራጅ አለ!» አልኩ።

አጠገቤ ነጠላ የለበሱ አንድ እናት ተቀምጠው ነበር። ፊቴን አዩና ክንዴን ያዙኝ።

«ወራጅ የለም፤ ንዳ በለው!» አሉት ረዳቱን። ተንጠራርተውም መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱት። «እኔ ነኝ የከፈትኩት። የሚቆጣ እኔን ይቆጣ!»

እሳቸውን ማን ደፍሮ ይቆጣል?

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የወር አበባሽ ቀርቷል አይደል?» አሉኝ። አፍሬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«በይ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ ቀስ ብለሽ አውጪ። እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር። ያልፋል።» ወፍራም ሹራቤን አስወለቁኝ። «ይሄን ተይው፤ ስስ ጥጥ ደራርበሽ ልበሺ። ሲመጣብሽ አንዱን ታወልቂያለሽ። ማታ ማታ ቃሪያና ትኩስ ሻይ ቀንሺ። ቀዝቃዛ ውሃ ከቦርሳሽ አይጥፋ።»

ሙቀቱ ሲለቀኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ጫፉን ጆሯቸው ውስጥ ወትፈው ይንቀጠቀጣሉ።

«እማማ፣ በረደዎት እንዴ?»

«እኔ እንደ ንፋስ የምፈራው ነገር የለም» አሉኝ።

ሳላረፍድ ሥራ ቦታዬ ደረስኩ። ወርጄ ዞር ስል እሳቸው ወደ መስኮቱ ተጠግተው ሊዘጉት ይታገላሉ።

የዚያኑ ዕለት ለባለቤቴ ነገርኩት። ጤና ጣቢያም ሄጄ ተመረመርኩ፤ ልቤ ደህና ነው። ነርሷ ያንኑ ምክር ደገመችልኝ። ሙቀቱ ጨርሶ አልተወኝም፤ ግን ያለ ክኒን ቀለል ብሎልኛል፣ ፍርሃቱም ለቆኛል።

አሁን የመኝታ ቤታችን መስኮት ገርበብ ብሎ ነው የሚያድረው። ብርድ የማይወደው ባለቤቴ አንድም ቀን ዝጊው ብሎኝ አያውቅም። ጋቢውን እስከ ጆሮው ተጠቅልሎ ሲተኛ ባየሁት ቁጥር እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል፤ እስቅና ሁለቱንም እመርቃለሁ።