የተነሣው መዳፍ

ዛሬ መካነ ኢየሱስ ከተማ ዝናቡ እንዳባራ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሳልፍ እርጥቡ ሣር ሸተተኝ። ሜዳው ላይ የስፖርት መምህሩ እጁን ሲያነሣ ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው ያዩታል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ የእኛ የስፖርት መምህር ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ስለጠፋ የሚያስተምሩን በእጃቸው ነበር። አሎሎውን አንገቴ ሥር አስደግፈው ክርኔን በሁለት ጣት ቀና ያደርጉልኛል። መዳፋቸው ሲወርድ መወርወር፣ ሲነሣ መቆም ነው። እኔ ግን በታላቅ ፊት ቀና ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ዓይኔ ከጫማቸው አይነሣም። ያን ቀን እንደለመድሁት እርምጃዬን ቆጥሬ ወረወርሁ። ለካ ሙሉ የምትባለው ጓደኛዬ ቀድሞ የተወረወረውን አሎሎ ልታነሣ ሜዳው ውስጥ ገብታ ኖሯል። ጉልበቷ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

በማግስቱ መምህሩ ቤታችን መጡ። አባቴ፣ «መምህር፣ ይች እኮ አንገቷን የደፋች ልጅ ናት፤ ክፋት አታውቅም» አላቸው።

እሳቸውም በዚያ በታፈነ ድምፃቸው፣ «አውቃለሁ» አሉ። «እጄን አንሥቼ ነበር። ቀና አላለችም።»

እኔ ምሰሶውን ተደግፌ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

ሙሉ ዛሬም ገበያ የምትወጣው በምርኩዝ ነው።

ሜዳው ላይ ያለው መምህር አጥሩ ሥር መቆሜን አይቶ ለሰላምታ እጁን አነሣልኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ አለፍሁ።