በመሐል የጠፋው የአባት ስም

መስኡዳ ከኩዌት የተመለሰች ሰሞን ሐይቅ ከተማ ሞባይል ትጠግን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከአካባቢው ዞር እንዳለ አንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሥራ ስትጀምር በቴክኒሻንነት ተቀጠረች። ጣቢያዋ በየቀኑ ረፋድ ላይ፣ በሽሽት የተጠፋፉና በየመጠለያው የተገኙ ሰዎችን ስም ታነብ ነበር።

መብራት ገና ስላልተስተካከለ የሚሠሩት በጄኔሬተር ነው፤ ጉርምርምታውም ከአንባቢዋ ድምፅ ጋር አብሮ ይገባል። ያንን የሚያጠፋ የማጣሪያ ፕሮግራም አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈና በሦስት ቀን አስረክቦ ሄደ። ስክሪኑ ላይ የጉርምርምታውን ድግግሞሽ፣ ማለትም የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት የሚያመለክተውን ቁጥር፣ ለመቀየር ወዲያ ወዲህ የምትገፋ ቁልፍ አለች። ግን ብትገፋም ምንም አይለወጥም። ጄኔሬተሩ ጭነት በዝቶበት ድምፁ ወፍሮ በወረደ ቁጥር ፕሮግራሙን አጥፍቶ፣ አዲሱን ቁጥር ሰጥቶ እንደገና ማስነሳት ግድ ነው። እስኪነሳ አሥር ሰከንድ ያህል ሬዲዮው ጭጭ ይላል።

መስኡዳ ለኃላፊው ለአቶ ሀሚዱ ደጋግማ ነግራዋለች፤ ኮዱን ከፍታ ልታየውም ጠይቃለች።

"ተፈርሞ የተረከብነው ነው፤ እንዳትነኪው" ይላታል። "አሥር ሰከንድ ምን አላት?"

አንድ ማክሰኞ ራዚያ የሚባሉ ሴት ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። ከአምባሰል ገጠር እስከ ውጫሌ ከተማ በእግራቸው፣ ከዚያ ወዲህ በሚኒባስ ነው የመጡት። ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

"አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ትናንት ሙስዓብ ስትሉ ሰማሁ። አባቱን ሳትጠሩት ዝም አላችሁ። የኔም ልጅ ሙስዓብ ነው፤ ሙስዓብ ኢስሃቅ።"

መስኡዳ ክው አለች። ፕሮግራሙን በዚያች ሰዓት ያጠፋችው ራሷ ናት። ዝርዝሩን አምጥታ ስሙን ሁለቴ አነበበችው። ሙስዓብ ሐሰን ይላል።

"የኔ እናት፣ ያንቱ ልጅ አይደለም። የሐሰን ልጅ ነው።"

ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። 

"አልሐምዱሊላህ። ያችስ እናቱ እፎይ ትበል" አሉ። "እኔ ግን ተገኘ ብዬ ነው ለጎረቤት ሁሉ ነግሬ የመጣሁት።"

መስኡዳ እስከ መናኸሪያ ሸኝታቸው ተመለሰች።  ስርጭቱ አልቋል፤ ማንንም ሳታስፈቅድ ኮዱን ከፈተች። ፓይተን የተማረችው ኩዌት፣ በአሠሪዎቿ ቤት፣ በስልኳ ነው። ስህተቱን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ማጣሪያው ጉርምርምታውን ለመቀነስ ድምፁን የሚያባዛባቸው ቁጥሮች፣ ማባዣዎቹ፣ የሚሰሉት ፕሮግራሙ ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቁልፏ ስትገፋ የድግግሞሹ ቁጥር ይቀየራል፤ ማባዣዎቹ ግን እንደ ጥንቱ ናቸው። ማንም መልሶ አያሰላቸውም።

ይህን ስታይ በገነች። ባለሙያው አንዲት ጊዜ ቁልፏን ገፍቶ ቢያዳምጥ ኖሮ ይሰማው ነበር። አላዳመጠም።

መጀመሪያ፣ እያንዳንዱ የድምፅ ቁራጭ በመጣ ቁጥር ማባዣዎቹ እንዲሰሉ አደረገች፤ አሮጌው ኮምፒውተር አልችል ብሎ ድምፁ መንተባተብ ጀመረ። ቀጥላ ቁጥሩ ሲቀየር ብቻ እንዲሰላ አደረገች። መንተባተቡ ቀረ፤ ነገር ግን ቁልፏ በተገፋች ቁጥር ድምፅ ማጉያው ጧ ይላል። ለካ ማጣሪያውን ስታድስ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለፈውን ድምፅ የያዘበትን ማኅደረ ትውስታም አብራ እየደመሰሰችበት ነው። ያንን ሳትነካ ማባዣዎቹን ብቻ ቀየረች። ቁልፏን ገፋች። ጉርምርምታው ጠፋ፤ ድምፁ አልተቋረጠም።

በማግስቱ አቶ ሀሚዱ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ማን ፈቀደልሽ? ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?"

"ትናንትም ብልሹ ነበር፤ ማንም አልተጠየቀም" አለችው። "የድሮውን መመለስ ከፈለጉ ይመልሱት። በር ላይ ለሚመጡት እናቶች ግን እርስዎ ይንገሯቸው።"

 አቶ ሀሚዱ የድሮውን አልመለሰም። የዚያን ቀን ሠላሳ ሁለት ስም ተነበበ፤ የጄኔሬተሩ ድምፅ አራት ጊዜ ወረደ፣ እሷም አራት ጊዜ ቁልፏን ገፋች። አንድም ስም አልተቆረጠም። ሙስዓብ ኢስሃቅ ከተነበቡት ውስጥ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ ባለሙያው ማስተካከሏን ከአቶ ሀሚዱ ሰምቶ ደወለ። ተመሳሳይ ማጣሪያ ለሌሎች ሁለት ጣቢያዎች እንደሰጠ ነግሮ፣ "በእቅዴ የነበረ ነገር ነው፤ እስቲ ያስተካከልሽውን ላኪልኝ" አላት።

ስልኩን ልትዘጋበት ነበር። እነዚያም ጣቢያዎች ስም እንደሚያነቡ ስለምታውቅ ላከችለት። በላከችበት ኢሜይል ላይ ግን ሰላምታ አልጻፈችም።